ለአነስተኛ ቢሮ ኔትወርክ መዘርጋትና ፋይል በጋራ መጠቀም፦ ከኬብሉ እስከ ባክአፑ

ሜክሲኮ አካባቢም ሆነ ስታዲየም፣ ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ፣ አሥርና አሥራ ሁለት ሠራተኛ ባለው ቢሮ ውስጥ ፋይል ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ነው። መዘዙን ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ፕሮፎርማ በአራት ኮምፒውተር ላይ አራት ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ» እየተባለ ይባዛል፤ ፍላሹ ይዞት የመጣው ሾርትከት ቫይረስ ፎልደሩን ሁሉ ይደብቃል። ደንበኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ እየጠበቀ የትኛው ዋጋ ትክክል እንደሆነ የሚናገር ሰው ይጠፋል።

መፍትሔው የቢሮው ፋይል አንድ ቤት እንዲኖረው ማድረግ ነው። ኬብሉም፣ ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ስዊችም፣ ኢንተርኔቱን ለሁሉም የሚያድለው ራውተርም የሚገዙት ለዚሁ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን በኪራይ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ 12 ጠረጴዛ፣ 2 ፕሪንተርና 1 የዋይፋይ አክሰስ ፖይንት ያለው ቢሮ እንውሰድ።

መጀመሪያ ሜትርና ወረቀት

የቢሮውን ንድፍ በወረቀት ላይ ይሣሉና እያንዳንዱ መስመር የሚወጣበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። 12 ለጠረጴዛ፣ 2 ለፕሪንተር፣ 1 ለአክሰስ ፖይንት፣ 3 ደግሞ ለመጠባበቂያ፤ በድምሩ 18 መስመር። መጠባበቂያውን አይዝለሉት፤ ትራንኪንጉ (ኬብሉ የሚያልፍበት የፕላስቲክ መሸፈኛ) ተገጥሞና ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ አንድ መስመር መጨመር ከመጀመሪያው ሦስት መስመር ከመዘርጋት የበለጠ ያደክማል።

ርቀቱ የሚለካው በአየር ላይ በቀጥታ ሳይሆን ኬብሉ በሚሄድበት የግድግዳ መንገድ ነው። በዚያ ላይ ራኩ (ስዊቹ የሚቀመጥበት ሣጥን) ጋ 2 ሜትር፣ መውጫው ጋ ደግሞ ወደ ግማሽ ሜትር ይጨምሩ። በዚህ መጠን ላለ ቢሮ አንድ መስመር በአማካይ 16 ሜትር ቢወስድ፣ 18 መስመር 288 ሜትር ነው፤ አንድ ባለ 305 ሜትር ካርቶን ይበቃል፣ ግን ለብክነት የሚተርፈው ትንሽ ነው። የአንድ መስመር የመጨረሻ ወሰን 100 ሜትር ነው፤ 90ው ለግድግዳው፣ 10ሩ በሁለቱ ጫፍ ለሚሰኩት አጫጭር ኬብሎች።

ግድግዳ ከመብሳትዎ በፊት ከአከራዩ ጋር ይነጋገሩ። በመሃል ከተማ በኮሪደር ልማቱም ሆነ በኪራይ ጭማሪ ምክንያት ቢሮ መቀየር የተለመደ ሆኗል፤ ስለዚህ ኬብሉን ግድግዳ ውስጥ ከመቅበር ይልቅ በላዩ ላይ በዊንት የሚያያዝ ትራንኪንግ ቢጠቀሙ ሲለቁ ነቅለው ይዘውት ይሄዳሉ። በማጣበቂያ ብቻ የተለጠፈ ትራንኪንግ ግን ኬብሉ ሲበዛበት በጥቂት ወራት ውስጥ ይረግፋል።

ዕቃ ሲገዙ የሚፈተሸው

ካት6 የኔትወርክ ኬብል ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ መዳብ አይደለም። መርካቶም ሆነ ቦሌ በርካሽ ከሚቀርበው መካከል ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ በመዳብ የተቀባ አለ። ቼኩ ቀላል ነው፦ የአንዷን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ ያድርጉ። ውስጡም ቀይ ከሆነ ንጹሕ መዳብ ነው፤ ብርማ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ሲታጠፍ በቀላሉ ይሰበራል፤ ኃይልን በኔትወርክ ኬብሉ በኩል ለአክሰስ ፖይንት ሲልኩበትም ይሞቃል፣ ቮልቴጁንም ይጥላል። ዛሬ የሠራው መስመር ከስድስት ወር በኋላ መቆራረጥ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በሌላው ላይ ይቆጥቡ፤ በኬብል ላይ ግን አይቆጥቡ።

ስዊቹ ባለ 24 ፖርት ይሁን፤ ካርቶኑ ላይ 10/100/1000 የሚለውን ያንብቡ። 10/100 ብቻ የሚል አሮጌ ስዊች አሁንም ገበያ ላይ አለ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በጊጋቢት መስመር 4 ጊጋባይት ፋይል 40 ሴኮንድ ባልሞላ ጊዜ ያልፋል፤ በ100 ሜጋቢት መስመር ግን 6 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚህ ውጪ ባለ 24 ፖርት ፓች ፓነል (የግድግዳው ኬብሎች ራኩ ውስጥ የሚያልቁበት ሰሌዳ)፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል 6ዩ ራክ፣ 18 የግድግዳ መውጫ፣ 36 አጭር ዝግጁ ኬብል (ለራኩ ግማሽ ሜትር፣ ለጠረጴዛው 2 ሜትር)፣ መምቻ (ሽቦውን ፓነሉና መውጫው ላይ የሚያስገባ)፣ ክሪምፐር (በኬብል ጫፍ ላይ ኮኔክተር የሚያስር) እና ቴስተር ያስፈልጋል። ለአጭሩ ኬብል በፋብሪካ የተሠራውን ይግዙ፤ በእጅ የተሠራ አጭር ኬብል የብልሽት ምንጭ ነው።

ዝርጋታው

ኬብሉን ከመብራት መስመር ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር አርቀው ይውሰዱት። መሻገር ግድ ከሆነ በቀጥታ አቋርጦ ይለፍ፣ አብሮት አይሂድ። ማዕዘን ላይ በኃይል አይጠፉት፤ የመታጠፊያው ስፋት የኬብሉን ውፍረት አራት እጥፍ ይሁን። በየመስመሩ ሁለት ጫፍ ላይ ከመሳብዎ በፊት ቁጥር ይጻፉ። ከተሳበ በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ መፈለግ ግማሽ ቀን ይበላል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ፤ ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቲ568ቢ በሚባለው አደራደር፣ የኮኔክተሩን ምላስ ወደ ታች፣ ወርቃማ ጥርሶቹን ወደ ላይ አድርገው ሲይዙት ከግራ ወደ ቀኝ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1 ነጭ ብርቱካናማ፣ 2 ብርቱካናማ፣ 3 ነጭ አረንጓዴ፣ 4 ሰማያዊ፣ 5 ነጭ ሰማያዊ፣ 6 አረንጓዴ፣ 7 ነጭ ቡናማ፣ 8 ቡናማ።

አረንጓዴው ጥንድ 3 እና 6 ላይ ተለያይቶ ሰማያዊው መሃል እንደሚገባ ልብ ይበሉ። አንዳንድ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ ጥንዶቹን ሁለት ሁለት አድርጎ በተርታ ይደረድራቸዋል፤ ሁለቱንም ጫፍ በተመሳሳይ ሁኔታ ስለሚሠራው ርካሹ ቴስተር ከ1 እስከ 8 መብራቱን በቅደም ተከተል ያበራል፣ ሠራተኛውም «ጨርሻለሁ» ብሎ ይሄዳል። መስመሩ ግን ይዝላል፤ ትንሽ ፋይል ያልፋል፣ ትልቅ ፋይል መሃል ላይ ይቆማል። ምክንያቱ በ3 እና በ6 የሚሄዱት ሽቦዎች እርስ በርስ የተጠማዘዙ ባለመሆናቸው ከጎረቤት ጥንድ ጩኸት ይገባባቸዋል። ስለዚህ ቴስተሩን ብቻ አይመኑ፤ ኮኔክተሩን ብርሃን ላይ አድርገው ቀለሙን በዓይንዎ ያንብቡ። ጥንዱን ሲፈቱም ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፍቱት።

ፓች ፓነሉና የግድግዳ መውጫው ጎን ላይ የቀለም ምልክት አላቸው። «ኤ» እና «ቢ» የሚሉ ሁለት ረድፎች ካዩ በሁለቱም ጫፍ «ቢ»ውን ይከተሉ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ላፕቶፕ ይዘው በየመውጫው እየሰኩ የመስመሩን ፍጥነት ይዩ። 1000 ካለ ጥሩ ነው። 100 ካለ ከ4፣ 5፣ 7 ወይም 8 አንዱ ሽቦ አልያዘም ማለት ነው፤ 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ብቻ ስለሆነ ብልሽቱ ሳይታይ ይቀራል።

መብራት

ራኩ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ የኢንተርኔት አቅራቢው ያስገባው ሞደምም ጭምር፣ በአንድ ዩፒኤስ ላይ ይሁን። ሞደሙ ከዩፒኤሱ ውጪ ሆኖ ራውተሩ ብቻ ቢሠራ ኢንተርኔት የለም። ሞደም፣ ራውተር፣ ስዊችና አንድ ፋይል የሚይዝ ኮምፒውተር አንድ ላይ ወደ 150 ዋት ይወስዳሉ። ሁለት ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው የ1000 ቪኤ ዩፒኤስ ባትሪው አዲስ ሆኖ ሳለ ለግማሽ ሰዓት ገደማ ይይዛቸዋል፤ የሕንፃው ጀነሬተር እስኪነሳ በቂ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድና ሲወጣ ባትሪ ሳይጠቀም የሚያስተካክለውን ዓይነት ይምረጡ፤ ጀነሬተሩ ሲገባና ሲወጣ ያለው መዋዠቅ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ ፈጽሞ አይሰካ፤ ወረቀቱን ሲያሞቅ በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ዋት ስለሚስብ ዩፒኤሱ ይጮሃል ወይም ይጠፋል። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር መቀጠልም ይቅር። የዩፒኤሱን የዩኤስቢ ገመድ ፋይሉ ካለበት ኮምፒውተር ጋር ያገናኙና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ ያዝዙት። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ደግሞ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ፤ አለበለዚያ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «ፋይል አይከፍትም» የሚል ስልክ ይደወላል።

አድራሻ ማደል

የአቅራቢው ሞደም ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ይዞ ይመጣል። የራስዎን ራውተር ከሞደሙ ጋር በዋን ፖርቱ (ኢንተርኔት በሚገባበት ቀዳዳ) ያገናኙና የቢሮውን ኔትወርክ በሌላ ቁጥር ይመሥርቱ፤ ለምሳሌ 192.168.10። ያኔ አቅራቢው ሞደሙን ቢቀይረው ወይም ሌላ አቅራቢ ቢያስገቡ የቢሮው ውስጥ አይናጋም።

ራውተሩ 192.168.10.1 ይሁን። አክሰስ ፖይንቱ 3፣ ፋይል የሚይዘው ኮምፒውተር 10፣ ፕሪንተሮቹ 20 እና 21። ለሠራተኛ ኮምፒውተሮችና ለስልኮች ራውተሩ ከ100 እስከ 199 ያድል። ቋሚዎቹን በየዕቃው ላይ ከመጻፍ ይልቅ ራውተሩ ላይ ማስያዝ ይሻላል፤ ዝርዝሩ አንድ ቦታ ይቀመጣል። የሞደሙን ዋይፋይ ያጥፉ። ለእንግዶች ከቢሮው ኔትወርክ ጋር የማይገናኝ የተለየ ዋይፋይ ይክፈቱ። ቋሚ ጠረጴዛ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ በኬብል ይሂድ፤ ዋይፋይ ለስልክና ለስብሰባ ክፍል ነው።

በዊንዶውስ የሰዓት ቀጠና ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የለም። ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡ፤ ያው ነው። በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ሰዓቱ አንድ ካልሆነ የትኛው ፋይል አዲስ እንደሆነ አይታወቅም።

ፕሪንተሩን በአንድ ሰው ኮምፒውተር በኩል ሼር አያድርጉ፤ ያ ሰው የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ቢሮው ማተም ያቆማል። በየኮምፒውተሩ ላይ በአድራሻው፣ 192.168.10.20 ብለው፣ በቀጥታ ይጫኑት።

ፋይሉ የሚቀመጥበት ማሽን

ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ናስ የሚባለው ሁለት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ብዙ ኃይል አይበላም፣ ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ይዘው ስለሚሄዱ አንዱ ቢሞት ሥራ አይቆምም። ሌላው ዊንዶውስ ፕሮ ያለው ተራ ኮምፒውተር ነው፤ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ግንኙነት ይቀበላል፣ ለምሳሌያችን ቢሮ ይበቃል።

ምርጫውን የሚወስነው የሒሳብ ክፍሉ ነው። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ከሆነ ዳታው ዊንዶውስ ባለው ማሽን ላይ መቀመጥ አለበት፤ ፐርቬሲቭ የተባለው የዳታቤዝ ሞተር ዳታው ባለበት ማሽን ላይ መሮጥ ስለሚፈልግ ናስ አይሆነውም። ፋየርዎሉም ላይ 3351 እና 1583 የተባሉት ፖርቶች ለውስጥ ኔትወርክ መከፈት አለባቸው። ፒችትሪን በዋይፋይ ማሠራት ደግሞ ዳታውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ መዝገቡ እየተጻፈ ሳለ ግንኙነቱ ለአፍታ ቢቋረጥ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ ብትይዝም ጠረጴዛዋ ላይ በኬብል ትሥራ።

ማሽኑን ማንም ለዕለት ሥራ እንዳይጠቀምበት ያድርጉ። ዊንዶውስ 10 የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 2018 (በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 14, 2025) ስላበቃ ለዚህ ማሽን ዊንዶውስ 11 ይሁን። እንቅልፍ የሚለውን ምርጫ ያጥፉ፤ የኔትወርኩን ዓይነት «ፕራይቬት» ያድርጉ።

ተጠቃሚና ፈቃድ

ለሁሉም ያለ ፓስዎርድ ክፍት ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ አሮጌ መመሪያም እንዲህ ያስተምራል። ከዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 እትም ወዲህ ግን ፕሮው ራሱ እንግዳ ሆኖ መግባትን በነባሪ ይከለክላል። መከልከሉም ተገቢ ነው፤ የደመወዝ ዝርዝር ለተላላኪው ሁሉ ክፍት መሆን የለበትም።

በዋናው ማሽን ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ዩዘር ኔምና ፓስዎርድ ይክፈቱ። ቀጥሎ ሦስት ግሩፕ ይፍጠሩ፦ ሒሳብ፣ ሽያጭ፣ አስተዳደር። ሠራተኛውን ወደ ግሩፑ ያስገቡ፤ ፈቃድ ለግሩፕ እንጂ ለሰው አይሰጥ። ሰው ሲለቅ ከግሩፑ ማውጣትና አካውንቱን መዝጋት ብቻ ይቀራል።

በዲ ድራይቭ ላይ «ሥራ» የሚባል አንድ ፎልደር ይክፈቱ፤ ሼር የሚደረገውም እሱ ብቻ ነው። በውስጡ «ሒሳብ»፣ «ሽያጭ»፣ «አስተዳደር» እና «የጋራ» ይኖራሉ። ፈቃድ ሁለት ቦታ እንዳለው ይወቁ፦ አንዱ የሼሩ፣ ሌላው የፎልደሩ የራሱ። በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው ከሁለቱ ጠባቡ ይሠራል። በሼሩ ላይ ለገቡት ሁሉ ሙሉ ፈቃድ ይስጡ፤ ቁጥጥሩን በፎልደሩ በኩል ያድርጉት። በ«ሒሳብ» ላይ ከላይ የሚወርሰውን ፈቃድ ይቁረጡና ለሒሳብ ግሩፕ የማሻሻል ፈቃድ ብቻ ይስጡ። ፈቃድ የመቀየር መብት ያለበትን ሙሉውን ከሰጧቸው አንድ ቀን አንዱ ራሱን ይዘጋል። የፒችትሪ ዳታ ፎልደር ብቻ ከዚህ ይለያል፤ ለተጠቃሚዎቹ ሙሉ ፈቃድ ይፈልጋል።

በየሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ሼሩን ለሁሉም በአንድ ፊደል፣ ለምሳሌ ዜድ ድራይቭ ብለው ያገናኙ። አድራሻው \\192.168.10.10\ሥራ ነው። ዩዘር ኔምና ፓስዎርዱን አስታውስ የሚለውን ምልክት ያድርጉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሰው ያደናግራል። ኮምፒውተር የሚከፈትበት ፒን የኔትወርክ ፓስዎርድ አይደለም፤ በፒን አይገባም። ፓስዎርድ የሌለው አካውንትም በኔትወርክ በኩል እንዳይገባ ዊንዶውስ ይከለክላል፤ ባዶ የተተወ አካውንት ሁሉ እዚህ ይቆማል።

አሮጌ ስካነር ወደ ፎልደር ለመላክ ኤስኤምቢ 1 (አሮጌውን የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ዘዴ) ክፈትልኝ ካለ አይክፈቱለት። በ2009 (በአውሮፓውያኑ 2017) ዓለምን ያመሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የተስፋፋው በእሱ ቀዳዳ ነው። ስካን የተደረገው ሰነድ በኢሜይል ይላክ።

ስም አወጣጥ

ፎልደሩ በበጀት ዓመት ይከፈል፣ በውስጡም ወሩ በቁጥር ይጀምር፦ «01 ሐምሌ»፣ «02 ነሐሴ»፣ «03 መስከረም» እያለ እስከ «12 ሰኔ»። ቁጥር ከሌለው ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ስለሚደረድራቸው ኅዳርና ሐምሌ የትም ይሄዳሉ። ሌላው አደጋ የሞክሼ ፊደላት ነው። «ሐምሌ» ብሎ የተቀመጠ ፋይል «ሀምሌ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፤ «ዓመት» እና «አመት»ም እንደዚያው። በቢሮው ውስጥ የጋራ አጻጻፍ ወስናችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ፋይሎቹም በዩኒኮድ ፊደል ይጻፉ፤ በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ዝብርቅርቁ ይወጣል።

ባክአፕ

በኔትወርክ ከተገናኘ ድራይቭ ላይ የተሰረዘ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም፤ ወዲያው ይጠፋል። ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት መያዙም ከዚህ አያድንም፤ ሲሰረዝ ከሁለቱም ይሰረዛል።

ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይግዙ። አንዱ በየማታው በራሱ ሰዓት ይገልብጥ፣ ሌላው ከቢሮ ውጪ ይቀመጥ፤ በየሳምንቱ ዓርብ ይቀያየሩ። ከሁለቱ አንዱ ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ መሆን አለበት፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ የተሰካውን ባክአፕም ይቆልፋልና። ፒችትሪ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ በራሱ ባክአፕ ይወሰድለት፤ ተከፍቶ ሳለ የተገለበጠ ዳታ ሲመለስ ላይከፍት ይችላል። ወደ ኢንተርኔት መጫን ካሰቡ አስቀድመው ያስሉት፦ 100 ጊጋባይት በ5 ሜጋቢት የመላኪያ ፍጥነት 44 ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚላከው የተቀየረው ብቻ ነው።

የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሰነድን ቢያንስ ለአምስት ዓመት ማቆየትን ስለሚጠይቅ የሒሳቡን ባክአፕ በዚያ ልክ ያቅዱ። በየወሩ አንድ ፋይል ከባክአፑ አውጥተው ይክፈቱ፤ ካልተከፈተ ባክአፕ የለዎትም።

ሲበላሽ

ኮምፒውተሩ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ከያዘ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ኬብሉንና የስዊቹን መብራት ይዩ። አድራሻው 192.168.10 ሳይሆን ሌላ ከሆነ ግን አንድ ሰው ከቤቱ ያመጣውን ራውተር ግድግዳው መውጫ ላይ ሰክቷል፤ ያ ራውተር የራሱን አድራሻ እያደለ ነው። ፈልገው ይንቀሉት።

መላው ቢሮ በአንዴ ቆሞ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ ያለማቋረጥ አብረው ከጨፈሩ፣ የአንድ ኬብል ሁለቱ ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቷል። ብዙ ጊዜ ጽዳት ተሠርቶ ወይም ጠረጴዛ ተንቀሳቅሶ በማግስቱ የሚገጥም ነው።

መጨረሻው 80070035 የሆነ ስሕተት ሲመጣ ዋናው ማሽን አልተገኘም ማለት ነው፤ መብራቱን፣ እንቅልፍ አለመግባቱን፣ የኔትወርኩ ዓይነት ወደ «ፐብሊክ» አለመቀየሩን ያረጋግጡ። 1219 የሚል ስሕተት ደግሞ ያው ኮምፒውተር በሌላ ዩዘር ኔም አስቀድሞ ስለተገናኘ ነው፤ የነበረውን ግንኙነት አጥፍተው፣ ኮምፒውተሩን ዘግተው ከፍተው እንደገና ያገናኙ። ኤክሴል «ሌላ ሰው ከፍቶታል» ካለ ብልሽት አይደለም፤ ስሙ የተጻፈውን ሰው እንዲዘጋው ይጠይቁ እንጂ ፋይሉን በሌላ ስም ገልብጠው አይቀጥሉ።